ሰር ሃሮልድ ጊሊስ፡ የቆዳ ጠጋኙ ሐኪም

ሰር ሃሮልድ ጊሊስ እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዚላንድ ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው ለተጎዳ ወታደሮች ባደረጉት ውትወታ እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ ውስጥ ሲድካፕ ላይ ሆስፒታል ተከፈተ። በዚያም ቆዳን ሙሉ በሙሉ ሳይቆርጡ፣ ከነደም ሥሩ አዙሮ ጉዳቱን የማልበስን የጥንት ሕንዶች ጥበብ አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1960 አረፉ።

ጥበቡ ለራስ ቆዳም ይሠራል። የራስ ቅል አጥንት ስስ ሽፋኑን ካጣ፣ ከጭን ተልጦ የሚለጠፍ ቆዳ ደም ስለማያገኝ አይይዝም። ከአጠገቡ የሚዞረው ግን ደሙንም ፀጉሩንም ይዞ ይመጣል።

በቦሌና በገርጂ የራስ ጠባሳቸውን በሻሽ የሚሸፍኑ ሰዎችን ሳይ ጊሊስን አስባለሁ። የሚጥል በሽታ እሳት ላይ የጣለውን ሰው ቤት አንደብቀው፤ አጥንቱ ሳይደርቅ ሐኪም ዘንድ እናድርሰው።