ቢስማርክና ውሻው

የኦቶ ፎን ቢስማርክ ስም በአገራችን አንባቢ ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን ለመቀራመት የሚመሩበትን ደንብ ያወጡበትን የ1884-85 የበርሊን ጉባኤ በመጥራቱ ነው። በቅርብ ያወቁት ሰዎች ግን ከጎኑ የማይለየውን ግዙፍ ውሻ ሳይጠቅሱ አያልፉም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢስማርክ በ1815 በኤልብ ወንዝ አካባቢ በምትገኘው ሾንሃውዘን ከመሬት ባላባቶች ቤተ ሰብ ተወለደ። በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕግ በሚማርበት ጊዜ እንኳ አሪየል የተባለ ትልቅ ውሻ ያስከትል ነበር። በ1846 የተሰጠው ሹመት ለሞያችን የቀረበ ነው፤ ይኸውም በኤልብ ዳር የተሠራውን የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ በኃላፊነት መጠበቅ ነበር። በክረምት የረጋው የወንዝ በረዶ በጸደይ ተሰባብሮ ሲወርድ ግድቡን እንዳይጥሰው መትጋት የዚሁ ሥራ ዋና ክፍል ነው።

በ1862 የፕሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከሦስት ጦርነቶች በኋላም በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ተመሠረተ፤ ቢስማርክም የመጀመሪያው ቻንስለር ሆነ። በእርሱ መሪነት የተነደፈው ሕገ መንግሥት ቻንስለሩን የመሾምና የመሻር ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ሰጠ። ምክር ቤቱ በጀት ሊከለክለው እንጂ ከወንበሩ ሊያነሣው አይችልም ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በቤቱ የሚያሳድጋቸው ግሬት ዴን የሚባሉት ጥጃ የሚያካክሉ ውሾች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ሱልጣን ከቤት እየጠፋ ስላስቸገረ በ1877 ቢስማርክ ክፉኛ መታው። ውሻው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲሞት ሦስት ጦርነት ሲመራ ያልተናወጠው ሰው በጸጸት ተብሰለሰለ።

ቀጥሎ የመጣው ቲራስ ከሁሉም የባሰ ስም አተረፈ። በ1878 የበጋ ወራት የባልካንን ጉዳይ ለመወሰን የታላላቅ መንግሥታት ልዑካን በቢስማርክ መኖሪያ ተሰበሰቡ። ከእነርሱ መካከል ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የሩሲያ ቻንስለር ጎርቻኮፍ ይገኝ ነበር። ቢስማርክ በሴንት ፒተርስበርግ አምባሳደር ሳለ ወዳጁ የነበረው ይህ አዛውንት በኋላ ተቀናቃኙ ሆኗል። በጊዜው እንደተወራው ቲራስ ዘልሎ ተከመረበት። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ ወሬውን የሰማ ሁሉ የውሻውን ድፍረት ከጌታው ኃይል ጋር አያያዘው። ጋዜጦችም ቲራስን የመንግሥቱ ውሻ እያሉ ይጠሩትና ከጌታው ጋር በካርቱን ይሥሉት ጀመር። ቲራስ ግን እስከ ሞተበት እስከ 1889 ድረስ ከቻንስለሩ ጎን አልተለየም።

በ1888 ወጣቱ ዳግማዊ ቪልሄልም ዘውድ ጫነ። ቲራስ ከሞተ በኋላ ለቢስማርክ ሌላ ውሻ በስጦታ የሰጠው ይኸው ንጉሠ ነገሥት ነው። ስጦታው ግን በመካከላቸው ያለውን ቅራኔ አላበረደውም፤ በመጋቢት 1890 ቢስማርክ ሥልጣኑን ለመልቀቅ ተገደደ። ለብዙ ዓመታት ከማንም ተቆጣጣሪ የጠበቀው ያ ሕግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፊቱን ባዞረበት ዕለት መጠጊያ አላስቀረለትም።

የቀሩትን ዓመታት ያሳለፈው በሃምቡርግ አጠገብ በሚገኘው ፍሪድሪሽስሩ ርስቱ፣ ውሾቹን አስከትሎ በጫካው ውስጥ በመመላለስ ነበር። ሐምሌ 1898 በዚያው ዐረፈ። መንግሥቱን ሲያንፅ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ አሳርፎ ነበር። ምሰሶው ጠንካራ በሆነበት ዘመን ቤቱ ቀጥ ብሎ ታየ። በወጣትነቱ የአፈር ግድብ የጠበቀው ሰው ውሃው በየት በኩል ሊጥስ እንደሚችል አስቀድሞ መመርመርን የሥራው መጀመሪያ አድርጎ ያውቅ ነበር፤ ለራሱ ሥልጣን ግን ይህን ምርመራ አላደረገለትም።