ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የክፉ ዘመን ትምህርት

ረኀብ፣ ጦርነት፣ ወረርሽኝ ወይም የገበያ ውድቀት በአንድ አገር ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይሆንም። አንዱ ከተማ ሲፈርስ ሌላው ይቆረቆራል፤ አንዱ ነጋዴ ሲከስር ሌላው ይከብራል፤ መንግሥትም ትናንት አይሆንም ያለውን ደንብ ዛሬ ተገዶ ያወጣል። ይህን ሁሉ እንደ ዕድል ወይም እንደ መቅሠፍት ብቻ ሳይመለከቱ ምክንያቱን መርምረው በአማርኛ ከጻፉት ኢትዮጵያውያን መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ዕድሜያቸው 33 ዓመት እንኳ ያልሞላ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያች አጭር ዘመን ውስጥ አገራቸውን የመቱትን ታላላቅ ችግሮች አብዛኞቹን በቅርብ ለማየት በቅተዋል።

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በሐምሌ ወር 1878 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ነው። ገና ዳዴ በሚሉበት ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሰየመው ረኀብ ገባ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው በሽታ ከየመቶው የቀንድ ከብት ዘጠናውን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ በዚህም ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ሲወድቁ ደግሞ ትግራይ በረኀብና በጦር መካከል ተያዘች።

ያ መከራ የመንግሥቱን ሥራ ሳይለውጥ አላለፈም። ዐፄ ምኒልክ በሬ ላጣው ገበሬ አርአያ ለመሆን ሲሉ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ከዚያም ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ የሚቀለብበት ልማድ አገሩን እንዳራቆተ ስለታየ፣ ለሠራዊቱ ቀለብ የሚሆን የእህል ዐሥራት በ1884 ዓ.ም. ገደማ ተደነገገ። ልማዱ ጨርሶ ባይቀርም፣ ግብርን በደንብ ወስኖ የመሰብሰብ አሳብ ከረኀቡ ማግስት መወለዱ ሊዘነጋ አይገባም።

ሕፃኑ ገብረ ሕይወት በሰባት ዓመታቸው ገደማ ከዘመዶቻቸው ጋር ወደ ኤርትራ ተሰድደው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እንደሚነገረውም፣ ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ገብተው በዚያው ተሸሽገው ቀሩ። የመርከቡም አዛዥ ለአንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተሰብ አስረከባቸው። በዚህ አኳኋን ጀርመንኛን ተምረው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ፤ በ1899 ዓ.ም. ወደ ጀርመን የተላኩትንም መልእክተኞች በአስተርጓሚነት አጅበው ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ በበረታ ጊዜ ግን ወደ ሱዳን ለመሰደድ ተገደዱ። ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ድርሰታቸው የስደቱ ዘመን ፍሬ ሲሆን፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአሥመራ የስዊድን ሚሲዮን ባሳተመው መድበል ውስጥ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር እንደ እያንዳንዱ ሰው አቅም ተመድቦ በገንዘብ እንዲከፈል፣ በየአገሩ መካከል ያለው ኬላ እንዲቀርና አንድ የታወቀ ገንዘብ እንዲኖር አሳሰቡ። የጃፓንን ምሳሌ በማቅረብም፣ ዕውቀትን ያልፈለገ መንግሥት ነጻነቱን ይዞ እንደማይቆይ አስጠነቀቁ።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ አገራቸው ተመልሰው በመጀመሪያ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። የነጋዴዎችና የጉምሩክ አለቃ ለነበረ ሰው የአገሪቱን የኤኮኖሚ ደዌ ለመመርመር ከድሬዳዋ የተሻለ ስፍራ አልነበረም።

ከተማይቱ ራሷ የገንዘብ ችግር የወለደቻት ናትና። የባቡሩ ሐዲድ በመጀመሪያው አሳብ ሐረርን እንዲያልፍ የታቀደ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ወጪው ከአቅም በላይ ስለሆነ በሜዳው ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሲደርስም በባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ ይህችውም ድሬዳዋ ናት። ከዚያ በፊት ከዘይላ የሚመጣው ሲራራ የሚያርፍባትና ቀረጥ የሚከፍልባት ጊልዴሳ እየተዳከመች ሄደች። ለብዙ መቶ ዓመታት የምሥራቁ ንግድ እምብርት የነበረችው ሐረርም ብዙ ነጋዴዎቿን ለታናሿ ከተማ አስረከበች።

ሐዲዱ ግን ከድሬዳዋ አልፎ መሄድ ተሳነው። ኩባንያው ገንዘቡ አልቆ በ1899 ዓ.ም. ከሰረ፤ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል የነበረውም ፉክክር ሥራውን አዘገየው። አዲስ የተቋቋመው የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ ላሉት ዓመታት ሸቀጥ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር ይጫን ስለነበር፣ የኩባንያው ክስረት ለድሬዳዋ ነጋዴ ሲሳይ ሆነ። የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ግን በፓሪስ በሚወሰን ገንዘብና ታሪፍ የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑ በገሃድ ታየ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይህንኑ ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ኢትዮጵያ በጦርነቱ አልገባችም፤ በየገበያዋ የሚዘዋወረው የማርያ ቴሬዛ ብር ግን በኦስትሪያ ይመታ ነበርና ጦርነቱ ምንጩን አደረቀው። የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣና ሲወርድ የኢትዮጵያ ገበሬና ነጋዴ የያዘው ገንዘብ ዋጋ አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በስማቸው ያስመቱት ብር የማርያ ቴሬዛን ብር ከገበያ ሊያስወጣ አልቻለም። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ስለነበረ፣ መንግሥቱ ችግሩን የሚከላከልበት መሣሪያ በእጁ አልነበረም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለውን ዋና መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት ይህን ሁሉ እየታዘቡ ነው። የመጽሐፉ መሠረት የሀብት ምንጭ ሥራ ነው የሚል ነው። ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት ሲሆን፣ ሀብት የሚጠራቀመውም ሰላም ሲኖርና ገበሬው የድካሙን ዋጋ ሳይነጠቅ ሲቀር ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ፣ ያልተማረው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ሰዓት ሥራ ይቀበላል። ስለዚህም ቡናና ቆዳ እየላከ ጨርቅና መሣሪያ የሚገዛ አገር የራሱ ንጉሥና ባንዲራ ቢኖረውም በኤኮኖሚ ረገድ የሌላ ጥገኛ ነው። የእጅ ሥራና ትምህርት ካልተከተለው የምድር ባቡርም ቢሆን ጥሬ ሀብትን በፍጥነት ከማውጣት አያልፍም። ላቲን አሜሪካዊው ራውል ፕሬቢሽና መሰሎቹ ስለ ጥሬ ዕቃ አምራች አገሮች ተመሳሳይ አሳብ ያሰሙት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት ደግሞ ሌላ መቅሠፍት መጣ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ቀባሪ ጠፋ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተረፉ። ከተማይቱ የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ዕውቀትን ሳይሰበስቡ መኖር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሬሳ ቁጥር ታየ። በርሊን ሕክምና የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወትም ከስምንት ወር ያህል በኋላ ሰኔ 24 ቀን 1911 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፋቸው በራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው።

ምክራቸው በሥራ ላይ የዋለው ዘግይቶና በየችግሩ ማግስት ነበር። የዓለም ገበያ በተንኮታኮተበት ዘመን፣ በ1923 ዓ.ም.፣ መንግሥት የውጭውን ባንክ ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። ግብር በገንዘብ እንዲከፈል የሚያዘው የመሬት ግብር ዐዋጅና የኢትዮጵያን ብር ብቸኛ ሕጋዊ ገንዘብ ያደረገው ዐዋጅ የወጡት ደግሞ ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ሁለቱም በ1937 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ጉዳዮች ነጋድራሱ ካመለከቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

አሳባቸው በዘመናቸው ተወስኖ እንዳልቀረ በእሳቸው ጊዜ ያልነበረችው ሐዋሳ ትመሰክራለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ኢትዮጵያ ጥሬ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተሰፋ ልብስ ለዓለም ገበያ እንድትልክ ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙ ሺህ ወጣቶች ከገጠር መጥተው ተቀጠሩ፤ የኪራይ ቤት ተፈላጊ ሆነ። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝ ቀነሰ። በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታነሣም ኩባንያዎች ፋብሪካቸውን ዘጉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ፤ ቤት አከራዩና የጉልት ነጋዴዋም የጉዳቱ ተካፋዮች ሆኑ።

መርፌው በሐዋሳ ቢሠራም ገበያው፣ ንድፉና አብዛኛው ጥሬ ዕቃ በሌላ እጅ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ ጉምሩክ ተቀምጠው የመዘኑት ሚዛን ይኸው ነው። ፋብሪካ መትከል አንድ ነገር ነው፤ የፋብሪካውን ዕውቀትና ገበያ መያዝ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ሳይሟላ የቀረ እንደሆነ፣ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ከተማዎች የሌላውን ውሳኔ ዕዳ መክፈላቸው አይቀርም።