ራጅን ወደ ጦር ግንባር የነዳች ሴት

ስለ ጦር ሜዳ ሕክምና የወደፊት ዕጣ ሲወራ በአሁኑ ጊዜ የሚነሱት ዲጂታል ራጅ፣ የርቀት ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሮቦት ናቸው። እኔ በሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ላይ የተሰማራሁ ሰው ነኝና ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ትዝ የምትለኝ በ1934 ያረፈች ሴት ናት። ማሪ ኩሪን አብዛኞቻችን የምናውቃት በራዲየምና በሁለት የኖቤል ሽልማቶቿ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሠራችው ሥራ ግን እምብዛም አይወራለትም። ለእኔ ከራዲየሙ ይልቅ የሚያስተምረን ይኸኛው ታሪኳ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በኅዳር 1867 ዋርሶ ውስጥ ተወለደች። አገሯ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ሴት ልጅም ዩኒቨርሲቲ መግባት አትችልም ነበር። ስለዚህ ከእህቷ ከብሮኒያ ጋር ተስማሙ። ማሪያ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ብሮኒያ ፓሪስ ሕክምና እንድትማር ትረዳታለች፤ ብሮኒያም በተራዋ ታናሿን ትደግፋለች። በዚህ መንገድ ማሪያ በ1891 ፓሪስ ገባች፣ ስሟም ማሪ ሆነ። በ1895 ፒየር ኩሪን አገባች። በ1898 ባልና ሚስቱ ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። በ1903 ከሄንሪ ቤከረል ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። በ1906 ፒየር ፓሪስ መንገድ ላይ የፈረስ ጋሪ ገጭቶት ሞተ። ማሪ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። በ1911 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻዋን ወሰደች።

ራጅን ያገኘችው እሷ አይደለችም። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን ነው፣ በ1895 መጨረሻ። እዚህ ላይ እኛን የሚነካ አንድ ነገር አለ። ከሮንትገን ግኝት ጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1896፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ ወታደራዊ ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል የሁለት ወታደሮችን ክንድ ራጅ አነሳ። ወታደሮቹ የቆሰሉት ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገው ጦርነት ነበር። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጦር ቁስለኛ የዋለው ያኔ ነው ይላሉ። በሌላ አነጋገር፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በተደመደመው ጦርነት የተተኮሰ ጥይት የጦር ሜዳ ራዲዮሎጂ መነሻ ሆነ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ቁስለኞቹ ራጁን ለማግኘት ቀይ ባሕርንና ሜዲትራኒያንን መሻገር ነበረባቸው። ማሽኑ ያለው እዚያ፣ ቁስለኛው ያለው እዚህ። የማሪ ኩሪ ጦርነት ከዚህ ርቀት ጋር ነበር።

በነሐሴ 1914 ጀርመን በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ የማሪ የራዲየም ተቋም ገና ተሠርቶ ማለቁ ነበር። ወንዶቹ ሠራተኞች ዘመቱ። የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ሲቃረብ ማሪ አገሪቱ ለምርምር የነበራትን አንድ ግራም ራዲየም በእርሳስ በተሸፈነ ከባድ ሣጥን ውስጥ አድርጋ በባቡር ወደ ቦርዶ ወሰደች። እዚያ ለመቅረት የሚያስችል በቂ ምክንያት ነበራት። እሷ ግን ሣጥኑን አስረክባ ብዙ ሰው ወደሚሸሽባት ፓሪስ ተመለሰች።

ሁኔታውን ስታጠና ያየችው ይህ ነው። ራጅ የሚያነሱ ማሽኖች በትልልቅ ከተማ ሆስፒታሎች አሉ፤ ግንባር አካባቢ ግን የሉም ማለት ይቻላል። ቀዶ ሐኪሞች ጥይትና ፍንጣሪ የሚፈልጉት በጣትና በመሣሪያ እየዳበሱ ነው። ሩቅ ወዳለ ሆስፒታል የሚላከው ቁስለኛ ደግሞ በመንገድ ላይ ቁስሉ ያመረቅዝበታል ወይም ይሞታል። መፍትሔዋ ቀላል ይመስላል። ቁስለኛው ወደ ራጁ መምጣት ካልቻለ ራጁ ወደ ቁስለኛው ይሂድ።

ማሽኑን መኪና ላይ መጫን ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። ግንባር ላይ መብራት የለም። ስለዚህ በመኪናው ሞተር የሚዞር ዲናሞ እንዲገጠም አደረገች፤ መኪናው ሲቆም ሞተሩ ለራጁ ኃይል ያመነጫል። ማንሻ ጠረጴዛ፣ የፎቶግራፍ ማጠቢያ ዕቃ፣ ብርሃን የሚከለክል መጋረጃ፣ ረጅም ገመድ ተጨመረ። መንግሥት የቀይ መስቀል የራዲዮሎጂ አገልግሎት ኃላፊ አድርጎ ቢሾማትም መኪናውንና ገንዘቡን የምትለምነው ራሷ ነበረች። የፈረንሳይ ሴቶች ማኅበር ለመጀመሪያው መኪና ገንዘብ ሰጠ፤ ባለጸጋ ሴቶችም መኪኖቻቸውን ለገሱ። የኖቤል ሜዳሊያዎቿን ወርቅ አቅልጦ እንዲጠቀምበት ለባንክ አቅርባ ባንኩ አልቀበልም አላት። የሽልማት ገንዘቧን ግን በጦርነት ቦንድ አዋለችው።

እሷም ራሷ ተማሪ ሆነች። የሰውነት አካላት አቀማመጥን አጠናች፤ መኪና መንዳት፣ ጎማ መቀየርና ሞተር መጠገን ተማረች፤ በ1916 መንጃ ፈቃድ አወጣች። በወቅቱ ዕድሜዋ ሃምሳ ሊሞላ ነው። በ1914 የመጨረሻ ወራት ከ17 ዓመት ልጇ ከአይሪን ጋር ግንባር ወረደች። የሠራችበት ዘዴ ሲታይ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የራጁን ቱቦ ከሁለት ቦታ አድርጋ ሁለት ጥላ ታነሳለች፤ ከጥላዎቹ መራራቅ ተነስታ ጥይቱ በስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ ታሰላለች። አንዳንዴ ሐኪሙ በጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን እያየ እዚያው ይቀዳል። መጀመሪያ ላይ ነገሩን የተጠራጠሩ ሐኪሞች ነበሩ፤ ያሳመናቸው ግን የሚወጣው ጥይት ነው። በ1915 መኪናዋ ጉድጓድ ገብታ ስትገለበጥ ማሪ በዕቃው ሣጥኖች ሥር ተቀብራ ነበር። ጉዳቷን ለቤተሰቦቿ እንኳን አልተናገረችም።

ብዙ ሳይቆይ መኪና ከመጨመር ይልቅ ሰው መጨመር እንደሚከብድ ተረዳች። ስለዚህ ከ1916 ጀምሮ በራዲየም ተቋሟ ለሴቶች ሥልጠና ከፈተች። የኤሌክትሪክና የራጅ ትምህርት፣ የሰውነት አካል ጥናት፣ የተግባር ልምምድ ነበረው። ወደ 150 የሚጠጉ ሴቶች ሠለጠኑ። አይሪን ራሷ ገና በ18 ዓመቷ ቤልጂየም ውስጥ ባለ የግንባር ሆስፒታል ብቻዋን ትሠራ ነበር። ጦርነቱ እስኪያልቅ ማሪ 20 ተንቀሳቃሽ የራጅ መኪኖችን አሰማርታ፣ 200 ቋሚ የራጅ ክፍሎችን አቋቁማለች። ወታደሮች መኪኖቹን በስሟ ትንንሾቹ ኩሪዎች ይሏቸው ነበር። በአጠቃላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቁስለኞች እንደተመረመሩ ይነገራል። በ1921 ይህንን ልምዷን በመጽሐፍ አሳተመች።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የእጅ ጓንትና የእርሳስ መከለያ ቢኖርም በጥድፊያ መሐል ጥንቃቄው አይሟላም፤ የጨረሩ ጉዳትም በወቅቱ በሚገባ አልታወቀም። ማሪ በሐምሌ 1934 መቅኒዋ ደም ማምረት ተስኖት ሞተች። በ1995 አስከሬኗ ወደ ፓንቴዮን ሲዛወር የመረመሩት የፈረንሳይ ባለሙያዎች ከራዲየሙ ይልቅ ጦርነቱ ላይ የወሰደችውን የራጅ ጨረር ተጠያቂ ወደ ማድረግ አዘነበሉ። አይሪንም በ1935 ከባሏ ጋር ኖቤል ከተሸለመች በኋላ በ1956 በደም ካንሰር ሞተች።

ይህን ሁሉ የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ራጅ ፊልም ማጠብ አያስፈልገውም። ምስሉ በሰከንዶች ኮምፒውተር ላይ ይታያል፣ ሌላ አህጉር ላለ ሐኪም ይላካል። በ2001 ኒውዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ስትራስቡርግ ያለች ሴት ሐሞት ከረጢት በሮቦት አውጥተዋል። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ድጋፍ የተሠራ፣ በእጅ የሚያዝና በኢንፍራሬድ ብርሃን የራስ ቅል ውስጥ መድማትን የሚጠቁም መሣሪያ በ2011 ፈቃድ አግኝቷል። የአሜሪካ ጦር ከ2017 ጀምሮ የዘረጋውን የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ በ2024 በሁሉም ሆስፒታሎቹ አዳርሷል። ምስል አንብበው ስብራትንና መድማትን የሚለዩ ፕሮግራሞችም ሥራ ላይ ናቸው።

የማይታየው ጨረርም መልኩን ቀይሮ አለ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ያወጣው ካርታ ወታደሮች በእጃቸው ባሰሩት መሣሪያ ምክንያት የጦር ሠፈሮችን አቀማመጥ ማጋለጡ ታወቀ። የልብ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ቁስለኛን ሊያድን ይችላል፤ ያለበትንም ለጠላት ሊናገር ይችላል። ማሪ እጇን ያቃጠለውን ጨረር እንዳላየችው ሁሉ እኛም ይህንን አናየውም።

ከሥራዬ ያየሁትን ልጨምር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል አዲስ ዲጂታል ራጅ ገብቶ፣ ኃይሉ እየተዋዠቀ ቦርዱን አቃጠለውና ለወራት በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ማሽኑ ሲገዛ መጠባበቂያ ባትሪም፣ መለዋወጫም፣ የሠለጠነ ሰውም አልታሰበለትም። ታካሚው ራጅ ለመነሳት ወደ ሌላ ከተማ ይጓዝ ነበር፤ ከ120 ዓመት በኋላም ማሽኑ እዚያ፣ ሰውየው እዚህ። ይህ የሆነው በሰላም ጊዜ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንት ጤና ተቋማት እንደወደሙና እንደተዘረፉ ስናስብ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወግ አይደለም።

ማሪ ኩሪ በ1914 አዲስ ማሽን አልፈጠረችም። ማሽኑ 19 ዓመት ሆኖት ነበር። እሷ የፈጠረችው በማሽኑና በቁስለኛው መካከል የጎደለውን ነው፤ ኃይሉን፣ መኪናውን፣ የሠለጠነውን እጅ። ሳትፈጥረው የቀረችው የባለሙያውን ከለላ ነው፤ ለዚያም በሕይወቷ ከፈለች። ነገ ለጦር ሠራዊትም ሆነ ለወረዳ ሆስፒታል ዲጂታል መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ቢኖር፣ ስለ ሶፍትዌሩ ብልህነት ከመጠየቃችን በፊት ስለ እነዚህ አራቱ ብንጠይቀው መልካም ነው እላለሁ።