ንፋስን ለጋሪው የጠመደው ስኪተኛ

ዛሬ በግሪንላንድ የበረዶ ምድር ላይ ሰፊ ካይት ወደ ሰማይ ለቅቀው፣ ስኪያቸውን ተጫምተው በንፋስ ጉልበት የሚከንፉ ስፖርተኞች አሉ። ካይቱ ከፍ ብሎ ጠንካራውን ንፋስ ይይዛል፣ ገመዱ ሰውየውን ይጎትታል፣ አደጋ ሲመጣ እጀታው ይለቀቅና ካይቱ ይረግባል። ከ130 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት እዚያው ምድር ላይ ንፋስን እንደ በሬ የጠመደ ሰው ነበር። የዛሬዎቹ ካይትም ሆነ ማቆሚያ አልነበረውም። የነበረው የድንኳን ምንጣፍ፣ የቀርከሃ ዘንግና ሁለት እግሮቹ ናቸው። ሰውየው ፍሪትዮፍ ናንሰን ይባላል።

ናንሰን በኖርዌይ ዋና ከተማ አቅራቢያ የተወለደው ኦክቶበር 10 ቀን 1861 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ገና በ18 ዓመቱ የአንድ ማይል ስኬቲንግ ሪከርድ ሰበረ። በአገር አቋራጭ ስኪም ደጋግሞ አሸናፊ ሆነ። በ1884 ከሚሠራበት ከበርገን ከተማ ተነስቶ ተራሮቹን በስኪ አቋርጦ ዋና ከተማው ድረስ ሄዶ ነው የተወዳደረው። ሌላው ለውድድር ሲያርፍ እሱ መንገዱን ልምምድ አደረገው ማለት ነው። በሙያው ደግሞ የእንስሳት ተመራማሪ ነበር፣ በበርገን ሙዚየም ተቀጥሮ ነርቭን ያጠና ነበር።

ይህ ስኪተኛ ግሪንላንድን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣለሁ ብሎ ሲነሳ ብዙው ሰው ሳቀበት። ከሱ በፊት የሞከሩት ሁሉ ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ጠረፍ ነበር የሚነሱት። ሲከፋቸው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ናንሰን ግን ማንም ከማይጠብቀው ከምሥራቁ ጠረፍ ልነሳ አለ። ከዚያ ወዲያ ምግብም ሰውም ያለው ከፊት ብቻ ነው። የበርገን አንድ የቀልድ ጋዜጣ ሰውየው በግሪንላንድ በረዶ ላይ የስኪ ትርኢት ሊያሳይ ነው፣ ተመልካች ቦታ የሚይዘው በበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ነው፣ የመመለሻ ቲኬት ግን አያስፈልግም እያለ አላገጠ። የኖርዌይ መንግሥትም ገንዘብ አልሰጥም አለ። በመጨረሻ 5 ሺህ ክሮነር የሰጠው ኦገስቲን ጋሜል የሚባል የዴንማርክ ነጋዴ ነው።

ናንሰን የዶክትሬት ጥናቱን አቅርቦ ውጤቱን ሳይጠብቅ ከአምስት ሰዎች ጋር ተነሳ። ኦቶ ስቨርድሩፕ፣ ኦሉፍ ዲትሪክሰንና ክሪስቲያን ክሪስቲያንሰን ኖርዌያውያን ናቸው። ሳሙኤል ባልቶና ኦሌ ራቭና ደግሞ ከሰሜኑ የሳሚ ሕዝብ የመጡ ናቸው። ጁላይ 17 ቀን 1888 ከመርከብ ወርደው በጀልባ ወደ ጠረፉ ሲያመሩ ተንሳፋፊው በረዶ ይዟቸው ወደ ደቡብ ነጎደ። የጠፋውን መንገድ ለማካካስ ሳምንታት አለፉ። ሽቅብ ጉዞው የተጀመረው በኦገስት አጋማሽ ነው።

ጉዞው ቀልድ አልነበረም። 100 ኪሎ ግራም ገደማ የተጫነባቸውን የበረዶ ጋሪዎች የሚጎትት ውሻ የለም፣ ጎታቹ ሰው ነው። ቅዝቃዜው ሌሊት ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ደረሰ። የያዙት ደረቅ ሥጋ ስብ ስላልነበረው ሆዳቸው ቢሞላም አይጠግቡም ነበር። ስቨርድሩፕ የጫማ ቅባት ይበላ እንደሆነ እስከመጠየቅ ደረሰ።

ንፋሱ የተጠመደው እዚህ ላይ ነው። በኦገስት መጨረሻ ናንሰን ጊዜው እንደማይበቃ ሲያይ አቅጣጫውን አጥፎ ወደ ቅርቡ ከተማ ወደ ጎድሆብ፣ ወደ ዛሬው ኑክ፣ ዞረ። ጋሪዎቹን ጎን ለጎን አሰሩ፣ የድንኳኑን ምንጣፍና የዕቃ መሸፈኛውን ሸራ አደረጉ። ያን ጊዜ ንፋሱ ብዙም ሳይቆይ ጥሏቸው ሄደ። እየጎተቱ 2,700 ሜትር ከፍታን አለፉ።

ሴፕቴምበር 19 ቀን ግን ከኋላ የመጣ ንፋስ ሸራውን ነፋው፣ ምድሩም ቁልቁል ሆነላቸው። አንዱ ከፊት በስኪ እየተንሸራተተ ጋሪውን ይመራል፣ የቀሩት ስኪ እንደተጫሙ ከኋላ ሙጭጭ ብለው ይይዛሉ። ከፊት ያለው ከወደቀ ጋሪው በላዩ ላይ ነው የሚሄደው። ናንሰን ራሱ ከኋላ ተንሸራቶ ወደቀና ጋሪው ጥሎት ከነፈ። ከመንገድ ላይ የተዘራ ዕቃ እየለቀመ ነው የደረሰባቸው። ከሰዓት በኋላ ባልቶ ካለበት ጋሪ የደስታ ጩኸት ተሰማ፤ የምዕራቡ መሬት ታየ!

ደስታው ግን ሊገድላቸው ነበር። ሲመሽም አላቆሙም። በድንግዝግዙ ከፊታቸው አንድ ጥቁር ነገር ታየ፤ ለካ አፉን የከፈተ የበረዶ ገደል ነው። ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ጋሪውን ወደ ንፋሱ አዙረው አቆሙት። ካይት ቢሆን እጀታ ይለቀቃል፣ እነሱ ግን ማቆሚያቸው ዓይናቸው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከፊት እየሄደ ስንጥቁን የሚሰልል ሰው መደቡ።

የበረዶው ምድር ሲያልቅ ደግሞ ባህር ገጠማቸው። ናንሰንና ስቨርድሩፕ ከድንኳን ሸራና ከቁጥቋጦ ጀልባ ቢጤ ሠርተው ኦክቶበር 3 ቀን ጎድሆብ ገቡ። እዚያ የተቀበላቸው የዴንማርክ ሹም ስሙን ጠይቆ ሲያበቃ እንኳን ደስ ያለህ ያለው ለጉዞው ሳይሆን ለዶክትሬቱ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ስላመለጣቸው እዚያው ከረሙ። ሜይ 30 ቀን 1889 ዋና ከተማቸው ሲገቡ ያ ሲስቅ የነበረው ሕዝብ ወደቡን ሞልቶ ጠበቃቸው።

ናንሰን በ1895 ወደ ሰሜን ዋልታ ተጉዞ ማንም ያልደረሰበት 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ላይ ደረሰ። ሆኖም ዓለም አብዝቶ የሚያስታውሰው በሌላ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ400 ሺህ በላይ ምርኮኞችን ወደ አገራቸው አስመለሰ። አገር ለሌላቸው ስደተኞች በስሙ የተጠራው የናንሰን ፓስፖርት እንዲሰጥ አደረገ፣ በ1922ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ሜይ 13 ቀን 1930 በ68 ዓመቱ አረፈ።

በወጣትነቱ የመመለሻ ቲኬት የለህም ተብሎ የተላገጠበት ሰው፣ መመለሻ ለሌላቸው ሰዎች የመሄጃ ወረቀት ሰጥቶ ነው ያለፈው።