ሁለት ቀን የዘገየ ደብዳቤ

በሰመር እረፍት ታላቅ ወንድሜ አልጀብራዊ ኩርባዎችን በኮምፒውተር ማስላት ወደሚያስተምር አጭር ኮርስ ሄዶ ነበር። ማታ ማታ ሲደውል ወሬው ሁሉ ስለ አቤል ነው። እኔ ሐበሻ ጓደኛ አገኘ ብዬ ደስ አለኝ። እማዬማ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤተሰቦቹም ከየት እንደመጡ መጠየቅ ጀመረች። ወንድሜ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ አቤል ኖርዌጂያዊ እንደሆነና ከሞተም ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው እንደተቃረበ ነገረን።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ሒሳብ ላይ ደፋር አይደለሁም። ግን ሰውዬው የሞተው በ26 ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ስሰማ ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩ። ለእናንተም ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኒልስ ሄንሪክ አቤል በ1802 በኖርዌይ ተወለደ። አባቱ የገጠር ቄስ ነበር። በ1820 አባቱ ሲሞት ቤተሰቡ ችግር ላይ ወደቀ፤ አቤል ገና 17 ዓመቱ ሆኖ የእናቱና የታናናሾቹ ነገር እሱ ላይ መጣ። አንድ ነገር ግን ቀንቶት ነበር። በ1818 ሆልምቦ የሚባል ወጣት የሒሳብ መምህር ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ ችሎታውን አየለት፤ ትልልቅ መጻሕፍትም አስነበበው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ፕሮፌሰሮች ከኪሳቸው እያወጡ ረዱት።

በ1824 አቤል ሰዎች ከ250 ዓመት በላይ ሲደክሙበት ለኖሩት ጥያቄ መልስ አገኘ። እስከ አራተኛ ዲግሪ ላሉ ኢኩዌሽኖች መፍቻ ቀመር ነበር። ለአምስተኛ ዲግሪ ግን በአራቱ መደብ ስሌቶችና ሩት በማውጣት ብቻ ሁሉንም የሚፈታ ቀመር ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ጽሑፉን ያሳተመው በራሱ ገንዘብ ነው። ወጪ ለመቆጠብ በስድስት ገጽ ስለጨመቀው ለማንበብ ከባድ ሆነ።

በ1825 ከመንግሥት ድጋፍ አግኝቶ ወደ ውጭ አገር ሄደ። በርሊን ውስጥ አውጉስት ክሬለ የሚባል ሰው ወደደው፤ ክሬለ በ1826 የጀመረው የሒሳብ መጽሔትም ብዙ የአቤልን ሥራዎች አወጣ። ከዚያ አቤል ወደ ፓሪስ አቀና። በዚያው ዓመት ጥቅምት 30 ትልቁን ሥራውን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

ወንድሜ የሚማረው ነገር ሥሩ እዚህ ጋ ነው። አልጀብራዊ ኩርባ ማለት ኤክስና ዋይ ያሉበት ኢኩዌሽን የሚስለው መስመር ነው። በእንዲህ ያለ ኩርባ ላይ የሚሠሩ ብዙ ኢንተግራሎች በለመድነው መንገድ አይሰሉም። አቤል ያሳየው፣ የቱንም ያህል ብዙ ኢንተግራል ቢደመር ድምሩ ወደ ጥቂቶች ሊጠቃለል እንደሚችል ነው፤ የሚቀረው ቀለል ያለ ስሌት ብቻ ነው። ስንት እንደሚሆኑ የሚወስነው ኩርባው ራሱ ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘው ቁጥር ዛሬ ጂነስ ይባላል፤ ወንድሜ እንደሚለው አንድ ኩርባ ሲሰጣቸው መጀመሪያ በኮምፒውተር የሚያወጡት ይህን ቁጥር ነው። ጂነሳቸው አንድ የሆነ ኩርባዎች ደግሞ ስልካችን መልእክት ለመቆለፍ ከሚጠቀምባቸው ነገሮች መካከል ናቸው።

ጽሑፉን እንዲመረምሩ የተመደቡት ለዣንድርና ኮሺ ነበሩ። ሁለቱም ስመ ጥር ናቸው። ኮሺ ወረቀቱን ወስዶ ከራሱ ወረቀቶች ጋር አስቀመጠው፤ በዚያው ቀረ። አቤል መልስ ሲጠብቅ ገንዘቡ አለቀበትና ፓሪስን ለቀቀ። በ1827 አገሩ ሲገባ ቋሚ ሥራ አልነበረውም። ዕዳ ነበረበት፤ ተማሪዎችን እያስጠና ኖረ።

በ1828 የገና በዓልን ከእጮኛው ከክሪስቲን ኬምፕ ጋር ሊያሳልፍ፣ በዚያ ብርድ በበረዶ ላይ በሚጎተት ጋሪ ወደ ፍሮላንድ ተጓዘ። እዚያው ታመመ። በጥር መጀመሪያ የፓሪሱን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ባጭሩ እንደገና ጻፈ። ከዚያ አልጋ ላይ ዋለ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1829 አረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ክሬለ ከበርሊን የምሥራች ጻፈለት፤ ሥራ ተገኝቶልሃል፣ ና የሚል ደብዳቤ ነበር።

አካዳሚው በ1830 ታላቁን ሽልማት ለአቤልና ለያኮቢ ሰጠ። ጽሑፉ የታተመው በ1841 ነው፤ ካቀረበው ከ15 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንደ ነርሲንግ ተማሪ ሳስበው፣ በ1829 ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም። የበሽታው ባክቴሪያ እንኳን የታወቀው በ1882 ነው። ስለዚህ ስለ ሕመሙ ማንንም መውቀስ አልችልም። ወረቀቱን ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያነበው ይበቃ ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ የሌሊቷ ነርስ የተወችውን ማስታወሻ ሳላነብ ለአንድ አዛውንት ቁርስ ላቀርብ ነበር። ለምርመራ በባዶ ሆድ መቆየት ነበረባቸው። አስተማሪዬ ደርሳ ትሪውን ተቀበለችኝ። ማስታወሻው አራት መስመር ነበር፤ እኔ ቸኩዬ ነበር። ኮሺም ያኔ በራሱ ሥራ ተጠምዶ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ስረከብ መጀመሪያ አነባለሁ፣ ከዚያ ነው የምንቀሳቀሰው።

ኖርዌይ ከ2003 ጀምሮ በአቤል ስም ትልቅ የሒሳብ ሽልማት ትሰጣለች። እማዬ ግን ወንድሜ በደወለ ቁጥር ያ ምስኪን ልጅ ወረቀቱ ተነበበለት ወይ ብላ ትጠይቃለች። እሱም አሁንም እየተነበበ እንደሆነ ይነግራታል።