ፕሮቲኖችን ፊደል ያስቆጠረችው ማርጋሬት ዴይሆፍ

የኮቪድ ሰሞን ትዝ ይላችኋል? አዲስ ዝርያ መጣ በተባለ ቁጥር ዜናው ውስጥ ዲ614ጂ፣ ኤን501ዋይ የሚሉ የመኪና ታርጋ የሚመስሉ ነገሮች ይገቡ ነበር። ብዙዎቻችን ምን እንደሆኑ ሳንጠይቅ ነው ያለፍናቸው።

ነገሩ ግን ቀላል ነው። ዲ የአንድ አሚኖ አሲድ ምልክት ናት፣ ጂ ደግሞ የሌላ። በቫይረሱ ፕሮቲን 614ኛ ቦታ ላይ የነበረችው ዲ ወጥታ በቦታዋ ጂ ገብታለች ማለት ነው። በቃ። የዓለም ሳይንቲስቶች ይህን ያህል አሳጥረው መጻፍ የቻሉት አንዲት ሴት ከ60 ዓመት ገደማ በፊት ቁጭ ብላ ፊደሎቹን ስላዘጋጀችላቸው ነው። ማርጋሬት ዴይሆፍ ትባላለች። በሙያው ያሉ ሰዎች የባዮኢንፎርማቲክስ እናት ይሏታል። ዛሬ የእሷን ታሪክ ይዘን መጥተናል። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማርጋሬት በመጋቢት 1925 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ተወለደች። እናቷ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት፣ አባቷ አነስተኛ ንግድ ያላቸው ሰው ነበሩ። ለቤቱ ብቸኛ ልጅ ነች። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። እዚያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘችና ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1945 በሒሳብ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክትሬቷን ያዘች። ያኔ ዕድሜዋ 23 ነበር።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ያ ዘመን ኮምፒውተር ገና ያልተለመደበት ዘመን ነው። የነበሩት ቀዳዳ የተበሳባቸው ካርዶች እየበሉ የሚደምሩና የሚያባዙ፣ ለንግድ ድርጅቶች ሒሳብ የተሠሩ ማሽኖች ናቸው። ማርጋሬት እነዚህን የሒሳብ ክፍል ማሽኖች ወስዳ የሞለኪውሎችን ኃይል አሰላችባቸው። ሌላው ሰው ደመወዝ የሚያሰላበትን ማሽን እሷ ለኬሚስትሪ አዋለችው። ዕድሜ ልኳን የሠራችውም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ማሽኑን ማንም ወዳላሰበው ሥራ ማምጣት።

በ1948 አገባች። ሁለት ሴት ልጆች ወለደች፣ እነሱን ለማሳደግም ከምርምር ራቅ ያለችባቸው ዓመታት ነበሩ። ሳይንስ ላይ ጥቂት ዓመት ከጠፋህ ተረሳህ ማለት ነው፤ ለሴት ደግሞ በዚያ ዘመን በሩ ከመጀመሪያውም ሰፊ አልነበረም። እሷ ግን ተመለሰች። በ1960 ሜሪላንድ ውስጥ ወደሚገኘው ብሔራዊ የባዮሜዲካል ምርምር ፋውንዴሽን ምክትል ዳይሬክተር ሆና ገባች። ኃላፊው ሮበርት ሌድሊ ይባላል፣ በጥርስ ሕክምና የተመረቀና እንደ እሷው በኮምፒውተር ፍቅር የወደቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ፕሮቲን እንምጣ።

ፕሮቲን ማለት ሥጋና እንቁላል ብቻ አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ ሥራ የሚሠራው አብዛኛው ነገር ፕሮቲን ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ፕሮቲን ነው፤ ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች፣ ስኳር የሚቆጣጠረው ኢንሱሊንም እንዲሁ። ሁሉም የሚሠሩት ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። እንደ ጨሌ ክር ላይ ተራ በተራ ይሰካሉ፣ ከዚያ ክሩ ይጣጠፍና ቅርጽ ይይዛል፤ ቅርጹ ሥራውን ይወስናል። የተራው ቅደም ተከተል ከተበላሸ ቅርጹም ሥራውም ሊበላሽ ይችላል። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ውሰዱ። ከሄሞግሎቢን አንዱ ክር 146 አሚኖ አሲድ አለው፤ 6ኛዋ ብቻ በሌላ ስትተካ በሽታው ይመጣል። አንድ ፊደል!

ይህን ቅደም ተከተል ማንበብ ግን ያኔ ጉድ የሚያሰኝ ልፋት ነበር። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ኢንሱሊንን ለማንበብ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፣ ኢንሱሊን ደግሞ 51 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። አሠራሩ ክሩን መቆራረጥ፣ ቁርጥራጮቹን ማንበብ፣ ከዚያ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል መገጣጠም ነው። የተቀደደ ደብዳቤ እንደመገጣጠም ማለት ነው። ማርጋሬትና ሌድሊ በ1962 ይህን መገጣጠም የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም አቀረቡ። ለወራት ራስ የሚያዞረውን ሥራ ማሽኑ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ከዚያ ትልቁ ሐሳብ መጣ። እዚህም እዚያም በየመጽሔቱ ተበታትኖ የሚታተመውን የፕሮቲን ቅደም ተከተል ሁሉ አንድ ቦታ ብንሰበስበውስ? በ1965 ከባልደረቦቿ ጋር የፕሮቲኖች አትላስ ብለው አሳተሙት። ውስጡ የነበሩት 65 ፕሮቲኖች ብቻ ናቸው። ያኔ የሰው ልጅ ያወቀው በአንድ ቀጭን መጽሐፍ የሚያልቅ ነበር።

አጫጭር ፊደሎቹም የመጡት ከዚህ ሥራ ጋር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በሦስት ፊደል ነበር የሚጻፈው። ካርድ ላይ ቦታ ይበላል፣ ለማወዳደርም አይመችም። እሷ ለእያንዳንዱ አንድ ፊደል ሰጠች። ግላይሲን ጂ፣ አላኒን ኤ፤ እነዚህ ቀላል ናቸው። ፊደል ሲጋጭ ግን ዘዴ ያስፈልጋል። ፌኒልአላኒን በድምፁ ኤፍ ሆነ። ትሪፕቶፋን ትልቅና ወፍራም ሞለኪውል ስለሆነ ወፍራሟን ደብሊው ወሰደ። በ1968 ዓለም አቀፉ የስያሜ ኮሚሽን አጸደቀው፣ እስከ ዛሬም አልተቀየረም።

አትላሱ ግን የስልክ ማውጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማርጋሬት ፕሮቲኖቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጥ የዘር ሐረግ ማየት ጀመረች።

እንዴት? የድሮ ብራና መጻሕፍትን አስቡ። ጸሐፊው ሲገለብጥ አንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ከእሱ የገለበጠው ስህተቱን ይወርሳል፤ የራሱንም ይጨምራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ቅጂዎቹን አሰልፎ ያየ ሰው የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ይለያል። ፕሮቲንም እንደዚሁ ነው። ሳይቶክሮም ሲ የሚባል 104 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን አለ፤ ከሰው እስከ እርሾ ድረስ ይገኛል። የሰውና የቺምፓንዚ አንድ ዓይነት ነው። ከሪሰስ ጦጣ ጋር በአንድ ፊደል እንለያያለን፣ ከፈረስ ጋር በ12። ከእርሾ ጋር ሲሆን ልዩነቱ በጣም ይበዛል፤ ያም ሆኖ ግን ዝምድናው ይታያል። ሥራውም አንድ ነው።

በ1966 ማርጋሬትና ባልደረባዋ ሪቻርድ ኤክ የበለጠ ወደ ኋላ ሄዱ። ፌሬዶክሲን የተባለውን የባክቴሪያ ፕሮቲን ሲያዩ የመጀመሪያው ግማሽና ሁለተኛው ግማሽ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንድ አጭር ፕሮቲን ድሮ ተባዝቶ፣ ሁለቱ ተቀጣጥለው የተሠራ ነው አሉ። ያ አጭሩ ራሱ ደግሞ ጥቂት ቀላል አሚኖ አሲዶች እየተደጋገሙ ከተሠራ ከሌላ አጭር ክር የመጣ እንደሆነ ገመቱ። ማለትም ሕይወት አዲስ ዕቃ ከባዶ አትሠራም። ያላትን ትገለብጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ታሻሽላለች። ዛሬ በጣም የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ፕሮቲኖች የአንድ አያት ልጆች ሆነው የሚገኙት ለዚህ ነው። እሷም እነዚህን በቤተሰብና በታላላቅ ቤተሰብ መደበቻቸው።

ሌላም ጥያቄ ነበራት፤ ሁሉም ለውጥ እኩል ነው ወይ? ይህን ለእኛ ለፊደል ልጆች ማስረዳት ቀላል ነው። ሰላምን በእሳቱ ሰ ጻፉት በንጉሡ ሠ፣ ያው ሰላም ነው። በላ ከሚለው ላ አውጥታችሁ ራ ብታስገቡ ግን በራ ይሆናል፤ ትርጉሙ ሄደ። አሚኖ አሲዶችም እንደዚያው ናቸው። ባሕርያቸው የሚቀራረብ እርስ በርስ ቢተካኩ ፕሮቲኑ ሥራውን ይቀጥላል። ደብሊው የተባለው ወፍራሙ ትሪፕቶፋን ግን ቦታውን እምብዛም አይለቅም። ማርጋሬት ይህን በግምት አልተወችውም። በ1978 ባልደረቦቿን ይዛ በ71 የፕሮቲን ቤተሰቦች ውስጥ 1,572 ለውጦችን ቆጠረችና የትኛው በየትኛው ምን ያህል ጊዜ እንደሚተካ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠራች። ፓም ይባላል። ሁለት ፕሮቲኖች ዘመድ ናቸው ወይስ በአጋጣሚ ነው የተመሳሰሉት የሚለውን ኮምፒውተር መለየት የጀመረው በእንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው።

ጥቅሙ ሕክምና ላይም ታየ። በ1982 ከባልደረባዋ ከዊኖና ባርከር ጋር አንድ አስደንጋጭ ዝምድና አገኙ። እንስሳት ላይ ካንሰር የሚያስነሳ የቫይረስ ፕሮቲን፣ ጤነኛ ሴል ውስጥ በየቀኑ ሥራውን ከሚሠራ ኢንዛይም ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የካንሰሩ ፕሮቲን ባዕድ ሳይሆን የራሳችን የሴል መቆጣጠሪያዎች የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ነው። ይህን ያገኙት ያሉትን ቅደም ተከተሎች በማወዳደር ነው።

እስካሁን የነገርናችሁ የሚያኮራውን ነው። መራራውም አለ።

ያኔ መሰብሰብ እንደ ሳይንስ አይቆጠርም ነበር። ላቦራቶሪ ገብቶ ያላገኘ፣ የሌላውን ግኝት ሰብስቦ ያሳተመ ተብሎ ይታይ ነበር። ድጎማ ማግኘት ሁልጊዜ ፈተና ነው። ወጪውን ለመሸፈን አትላሱና የኮምፒውተር ቅጂው በዋጋ ይሸጥ ነበር። ይህ ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎችን አስከፋ። እኛ የለፋንበትን በነፃ ሰጥተን እንዴት መልሰን እንገዛለን የሚል ቅሬታ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገን የራሱ ምክንያት ነበረው። እሷ ሠራተኛ መክፈል ነበረባት፤ እነሱ ደግሞ የሁሉም የሆነ ዕውቀት አጥር ሊኖረው አይገባም ብለው ያምኑ ነበር።

በ1980 የዲኤንኤ መረጃዋን በስልክ መስመር ከሩቅ ኮምፒውተር መጠየቅ እንዲቻል አደረገች። ዛሬ ስልካችን ላይ የምንሠራውን ነገር ያኔ ማለት ነው! ግን የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የዲኤንኤ ቋት ለማቋቋም ጨረታ ሲያወጣ፣ በ1982 ሥራው ለሷ አልተሰጠም። ያሸነፈው መረጃውን ለሁሉም ክፍት አደርጋለሁ ያለው የሎስ አላሞስ ቡድንና አጋሩ ነው። ጄንባንክ የሚባለው እሱ ነው። መንገዱን የጠረገችው ሴት ቆማ አየች።

እጅ ግን አልሰጠችም። ቅደም ተከተላቸው የታወቀ ፕሮቲኖችን ሁሉ የሚይዝ፣ ተመራማሪ ሁሉ የሚጠቀምበት ቋት ለማቋቋም አዲስ ማመልከቻ ጽፋ አስገባች። ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን 1983፣ በልብ ሕመም ሞተች። 57 ዓመቷ ነበር። ያቀደችውን ሥራ ሲጀመር አላየችውም። ባልደረቦቿ ግን ዳር አደረሱት፣ ቋቱ በ1984 ሥራ ጀመረ። በ2002 ከአውሮፓና ከስዊዘርላንድ ተቋማት ጋር ተዋህዶ ዩኒፕሮት ሆነ። ከ65 ፕሮቲን የተነሳው ሥራ ከመቶ ሚሊዮኖች በላይ ደርሷል፤ ማንም ሰው ኢንተርኔት ካለው በነፃ ያየዋል። ክርክሩ በመጨረሻ በክፍትነት ተዘጋ።

በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘው አልፋፎልድ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፕሮቲንን ቅርጽ የሚገምተው ዘመዳሞች ፕሮቲኖችን አሰልፎ፣ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚቀየር አይቶ ነው። ማርጋሬት በካርድና በቀርፋፋ ማሽን የጀመረችው ማወዳደር ማለት ነው። አሜሪካ የሚገኘው የባዮፊዚክስ ማኅበር፣ በፕሬዚዳንትነት የመራችው፣ በስሟ ለወጣት ሴት ተመራማሪዎች ሽልማት ይሰጣል።

እኛ ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ አንድ ነገር ከአእምሯችን አልወጣም። ሰብሳቢና አደራጅ ሰው ዘወትር ይናቃል፤ ሥራው የሚታየው ሌላው ሲጠቀምበት ነው። እናንተም ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ግን ነገ ብዙ ሰው የሚቆምበት ሥራ ይዛችሁ ከሆነ፣ አትተዉት።

ቀጣዩ የቫይረስ ዝርያ ዜና ላይ ያንን ታርጋ መሳይ ነገር ስታዩ ደግሞ ከእንግዲህ ማንበብ ትችላላችሁ። የመጀመሪያዋ ፊደል የነበረችው፣ መሐሉ ቦታዋ፣ የመጨረሻዋ የተካቻት።