አስማትን በራሽን ያደለው ሰውዬ

ጎሬ ላይ ክረምት ከገባ ዝናቡ ቶሎ አይለቅም። ልጅ ሁሉ ቤት ይውላል፣ ካርታ ይወጣል። ኮንከር ከመጀመሩ በፊት ግን ሙግቱ ይቀድማል፤ ይሄ ካርታ ምን ያደርጋል? ሁለት ቢደረብስ? የጎረቤት ቤት ሕግ ሌላ፣ የኛ ቤት ሕግ ሌላ።

በእንዲህ ዓይነት ሙግት ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሪ ጋይጋክስ። «ስትሬንጀር ቲንግስ» ላይ ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱትን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከዴቭ አርነሰን ጋር የፈጠረው እሱ ነው።

ጋሪ የተወለደው በ1938 ቺካጎ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ከስዊዘርላንድ የመጣ ስደተኛ ነበር። ያደገው ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን ሃይስኩል አልጨረሰም። ኢንሹራንስ ውስጥ እየሠራ በትርፍ ሰዓቱ የጦርነት ጨዋታ ሕግ ይጽፍ ነበር። በ1970 ሥራውን ሲያጣ ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን አስተዳደረ፤ መጻፉን ግን አልተወም። በ1974 ጨዋታው በ1,000 ኮፒ ታተመ።

ከባዱ ጉዳይ አስማቱ ነበር። ባለሰይፉ አንድ ጠላት ሲመታ አስማተኛው ክፍሉን ሙሉ ያነዳል። አስማት ገደብ ከሌለው ሌሎቹ ምን ሊሠሩ ይቀመጣሉ? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ እጥረት ከሌለ ምርጫ የለም።

ጋሪ መፍትሔውን ያገኘው ጃክ ቫንስ በ1950 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። አስማተኛው ድግምቱን ቀድሞ በቃሉ ያጠናል፤ አንዴ ከተጠቀመበት ከጭንቅላቱ ይጠፋል። ስሙ ድግምት ይሁን እንጂ እንደገና ካልተጠና አይደገምም። ጀማሪው ለቀኑ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ጥሩር አይለብስም፣ ከጩቤ ሌላ መሣሪያም አይዝም። ጠላት የሚያስተኛውን ልያዝ ወይስ የማላውቀውን ቋንቋ የሚያስነብበኝን? አንዱን ስትይዝ ሌላው ቀረብህ።

ብዙ ተጫዋች ግን አልተዋጠለትም። አንዳንዱ ድግምቱ በሚጠፋ ፋንታ ነጥብ ይቀነስ ብሎ የራሱን የቤት ሕግ አወጣ። መጀመሪያ ላይ ሰው የራሱን እንዲፈጥር ያበረታታ የነበረው ጋሪ፣ ጨዋታው ገበያ ሲይዝ ሁሉም በአንድ ሕግ ይጫወት ማለት ጀመረ። በ1979 አርነሰን በክፍያ ጉዳይ ከሰሰው፤ በ1981 ተስማሙ። በ1985 ደግሞ የኩባንያው አብላጫ አክሲዮን በሌላ ሰው እጅ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ጋሪ ለቅቆ ወጣ። ለጨዋታው የፈጠረው ዓለም ሳይቀር ከኩባንያው ጋር ቀረ። ሕጉ አንድ ይሁን ያለው ሰው፣ ሕጉ ላይ አንዲት ቃል የመለወጥ ሥልጣን አጣ።

ማንም ያልወሰደበት ጠረጴዛውን ነበር። በመጨረሻ ዓመታቱ ሌክ ጄኔቫ ቤቱ በረንዳ ላይ ከእንግዶቹ ጋር ይጫወት ነበር። መጋቢት 2008 ላይ በ69 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ አስማተኛ ትንንሾቹን ድግምቶች ያለ ገደብ ይደጋግማል፤ ትልልቆቹ ግን አሁንም በቁጥር ናቸው። እናንተም ለራሳችሁ ጠረጴዛ ሕግ ስታወጡ የጋሪን ጥያቄ አትርሱ፤ አንዱ ይህን ያህል ከቻለ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ምን ተረፈው?